አለቃውን ሠራተኛው የሚሾምበት የሥራ ቦታ፦ ለሰሜን ሸዋ ባለሙያዎች ዝርዝር መመሪያ

መንዝ ላይ አንድ ባና፣ ማለትም የበግ ፀጉር ብርድ ልብስ፣ ተሠርቶ ገበያ እስኪወጣ በስንት እጅ ያልፋል? አንዱ በጉን ይሸልታል። ሴቶቹ ፀጉሩን ያጥባሉ፣ ያፍታታሉ፣ ይፈትላሉ። ሸማኔው ድሩን አድርቶ ይሸምናል። ከዚያ ነጋዴ ይመጣና ዋጋ ይቆርጣል። ዕቃው ደብረ ብርሃን ወይም አዲስ አበባ ደርሶ በስንት እንደተሸጠ ከሠሩት ሰዎች አንዱም አያውቅም።

ነጋዴው ክፉ ሆኖ አይደለም። ገንዘቡን ያወጣው እሱ ነው። ገንዘብ ያወጣ ሰው ዋጋውንም፣ ደሞዙንም፣ የሥራ ሰዓቱንም ይቆርጣል፤ ትርፉም የሱ ነው። ካፒታሊዝም ከላይ ሲያወሩት ትልቅ ነገር ይመስላል እንጂ መንደር ውስጥ ሲታይ ይኸው ነው።

ከዚህ ሌላ አማራጭ አለ ስትሉ ደግሞ ፊቱን የሚያዞር ሽማግሌ አታጡም። አትፍረዱበት። ከ1967ቱ የመሬት አዋጅ በኋላ የመጡት አምራች ማኅበራት መልባ፣ ወልባ እየተባሉ በደረጃ ይቆጠሩ ነበር። መልባ ላይ መሬቱ የጋራ ሆነ። ወልባ ላይ በሬውና የእርሻ መሣሪያውም ተጨመረ። ምን እንደሚዘራ፣ እህሉም በስንት እንደሚሸጥ የሚወሰነው ግን ሌላ ቦታ ነበር። በ1982 ዓ.ም. መንግሥት ቅይጥ ኢኮኖሚ ብሎ መውጣት ሲፈቅድ፣ አብዛኞቹ ማኅበራት በወራት ውስጥ ፈረሱ። ሰው በሬውን እየነዳ ወጣ። ገበሬው ከአንድ ጌታ ወጥቶ ሌላ ጌታ እጅ ገብቶ ነበርና አይገርምም።

እዚህ የማወራው ስለ ሦስተኛ መንገድ ነው። ሠራተኞቹ ገንዘቡን ራሳቸው በዕጣና በብድር ያመጣሉ። ውሳኔው በአንድ ሰው አንድ ድምፅ ነው። ሥራ አስኪያጅ ይሾማሉ፣ ካልሆነም ይሽራሉ። ትርፉን የሚካፈሉት በገንዘባቸው ልክ ሳይሆን በሥራቸው ልክ ነው። ምሳሌዬን በአሥራ ሁለት ሰው የባናና የምንጣፍ ሥራ ላይ አደርጋለሁ። እንጨት ቤት፣ ብረታ ብረት፣ ዳቦ ቤት ወይም ኮብልስቶን ከሆነ ሥራችሁ ቁጥሩን ቀይሩት፤ ደንቡ ያው ነው።

አንድ፦ ሰው ከመሰብሰባችሁ በፊት አንድ ዙር ሥሩ

ብዙ ማኅበር የሚጀምረው ከስብሰባ ነው። በምሥረታው ቀን «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የማይል ተናጋሪ የለም። ሎሚው የት እንደሚሸጥ የሚጠይቅ ግን ብዙም አይገኝ።

ስለዚህ አራት አምስት ሆናችሁ በወንፈል መንፈስ አንድ ዙር ብቻ ሥሩ። ጥቂት ባና በሉት። ፀጉሩን በጋራ ግዙ፣ ሥሩ፣ ሽጡ፣ ሒሳቡን ዝጉ። ደብተር ላይ እነዚህን ጻፉ፦ የፀጉሩ ዋጋ፣ ታጥቦ ሲደርቅ የቀነሰው ክብደት፣ ለአንድ ልቃቂት የሄደው ሰዓት፣ ለሽመና የሄደው ቀን፣ ትራንስፖርት፣ የተሸጠበት ዋጋ። የሚታጠበው ፀጉር ቆሻሻና ቅባት ስላለው ክብደቱ በደንብ ይወርዳል። ይህን ያልቆጠረ ሰው ያተረፈ እየመሰለው ይከስራል።

ከሽያጩ ላይ የቁሱን ወጪ ቀንሱ። የቀረውን ለሠራችሁት ሰዓት ሁሉ አካፍሉት። የሚወጣው ቁጥር የአንድ ሰዓት ሥራችሁ ዋጋ ነው። ያ ቁጥር አካባቢያችሁ የቀን ሠራተኛ ከሚያገኘው ካነሰ፣ ማኅበር መመሥረት አያድናችሁም። መጀመሪያ ገበያውን ወይም ዕቃውን ቀይሩ። ባና የማይገዛ ሰው ትንሽ ምንጣፍ፣ የወንበር ልብስ ወይም የአንገት ልብስ ይገዛ ይሆናል።

ሁለት፦ አባል የሚሆነው ማን ነው?

ሥራውን የሚሠራ ሁሉ። ከዚያ ውጭ ማንም።

«ገንዘብ አወጣለሁ፣ ሥራ ላይ ግን አልገኝም» የሚል ሰው ይመጣል። ብዙ ጊዜ ጥሩ ሰው ነው፤ አዲስ አበባ ያለ የአገር ልጅ ሊሆን ይችላል። ገንዘቡን በብድር ተቀበሉት፣ ወለድም ክፈሉት፣ አመስግኑትም። ድምፅ ግን አትስጡት።

ሴቶቹን በባሎቻቸው ስም አትመዝግቡ። የሱፍ ሥራ ላይ አብዛኛውን ሰዓት የሚወስደው መፍተል ነው፤ የሚፈትሉት ደግሞ በብዛት ሴቶች ናቸው። በቤተሰብ አንድ አባል ካላችሁ ከግማሽ በላይ የሚሆነውን ሥራ የሚሠራው ሰው ስብሰባ ላይ አይኖርም ማለት ነው። ባልና ሚስት ሁለቱም ከሠሩ ሁለት አባል፣ ሁለት ዕጣ፣ ሁለት ድምፅ። ክፍያውም በየስማቸው። ደቡብ ጎንደር ያለው የአውራ አምባ ማኅበረሰብ ከ1960ዎቹ ጀምሮ የወንድና የሴት ሥራ የሚባል ልዩነት ሳያደርግ በሽመና ኖሯል። የነሱን ኑሮ ሙሉ በሙሉ መቅዳት አይጠበቅባችሁም፤ ይቺን ግን ውሰዱ።

አዲስ ሰው ሲመጣ የሙከራ ጊዜ ይኑረው፤ ስድስት ወር ጥሩ ነው። ከዚያ ጉባኤው በምስጢር ድምፅ ይቀበለው ወይም ያሰናብተው። ፊደል ያልቆጠረ አባል ካለ ወረቀት አያስፈልግም። አፉ ጠበብ ያለ እንስራ አስቀምጡ። ለሁሉም አንድ ባቄላና አንድ ሽንብራ ስጡ። ባቄላ «ይግባ»፣ ሽንብራ «ይቅር» ነው። አንዱን እንስራው ውስጥ፣ ሌላውን ማንም ሳያይ ጎን ካለው ጆንያ።

ሦስት፦ ገንዘብ ሳይመጣ በፊት የሚጻፉ አራት ነገሮች

ሰው ገንዘብ ሳያይ በፊት ቸር ነው። ደንቡን ያን ጊዜ ጻፉት።

መግቢያ። ዕጣው ለሁሉም እኩል ይሁን። ለምሳሌ 3,000 ብር ብትሉ፣ 500 ብሩን ሲገባ፣ የቀረውን ከክፍያው ላይ በየወሩ እየተቀነሰ። ድሃውን በር ላይ የሚመልስ ዕጣ አታድርጉ። ያለ ምንም ዕጣ መግባትም ጥሩ አይደለም፤ የራሱን ገንዘብ ያላስገባ ሰው ስለ ደብተሩ ብዙም አይጨነቅም።

ክፍያ። እዚህ ላይ ጊዜ ውሰዱ፤ ማኅበር የሚፈርሰው በዚህ ነው። በልማድ ሸማኔ ባለሙያ፣ ፈታይ ረዳት ተደርጋ ትታያለች፤ ክፍያውም እንደዚያው ነው። እስቲ ጠረጴዛው ላይ ሰዓት አስቀምጡና ሦስት ሴቶች አንድ አንድ ልቃቂት ይፍተሉ። ሸማኔዎቹ ቁጭ ብለው ይመልከቱ። ከዚያ በኋላ ስለ ሰዓት ክፍያ የምታደርጉት ንግግር ይለወጣል። ለሙያ ልዩነት ጭማሪ መስጠት ነውር የለውም፤ ጣሪያ ግን አብጁለት። በስፔን ባስክ አገር ያለውን የሠራተኞች ማኅበራት ስብስብ፣ ሞንድራጎንን፣ በ1956 እ.ኤ.አ. አምስት ወጣቶች ሲጀምሩት፣ ቀጥሎ በነበሩት ዓመታት ትልቁ ተከፋይ ከትንሹ ከሦስት እጥፍ በላይ አያገኝም ነበር። ለአሥራ ሁለት ሰው ሁለት እጥፍም ይበዛል ባይ ነኝ።

ሰዓት። ሰሜን ሸዋ ደጋው ላይ በልግም አለ፣ መኸርም አለ። አባሎቻችሁ ገበሬዎች ከሆኑ በዓመት ሁለት ጊዜ ይጠፋሉ። በዓላቱም ብዙ ናቸው። ይህን «ሥነ ምግባር የጎደለው» ብላችሁ ከመቆጣት የዓመቱን የሥራ ቀናት አስቀድማችሁ አውጡ። የሠራውን ሰዓት መዝግቡ፣ በሰዓቱ ክፈሉ። ያልሠራ አይከፈለው፣ ግን አይቀጣም። የወለደችና የታመመ ሰው ለብቻው ይጻፍ፤ ለነሱ ከጋራው የሚወጣ ነገር ይኑር።

መውጫ። አባል ሲወጣ ዕጣው ይመለስለታል። በአንድ ቀን ሳይሆን በዓመት ውስጥ ተከፋፍሎ፤ አለዚያ ሦስት ሰው አብሮ የወጣ ዕለት ሥራው ይቆማል። አባል ቢሞት ወራሾቹ ገንዘቡን ይወስዳሉ። አባልነቱን ግን አይወርሱም፤ ልጁ ሥራውን የሚፈልግ ከሆነ እንደማንኛውም ሰው በሙከራ ይግባ። የመጠባበቂያው ገንዘብ ለማንም አይከፋፈልም። ይህችን ዓረፍተ ነገር በወፍራሙ ጻፏት። ማኅበሩ ጥሩ ሲሆን «እናፍርሰውና እንካፈል» የሚል ድምፅ ይነሳል፤ ተደራጅተው ብድሩ የተለቀቀላቸው ዕለት የተበታተኑ ስንት ወጣቶች አሉ!

አራት፦ መመዝገብ

ይህ ክፍል አሰልቺ ነው፣ ግን አጭር ነው። ሕጉ የኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 985/2009 ነው። ወደ ወረዳችሁ ወይም ከተማችሁ የኅብረት ሥራ ጽሕፈት ቤት ሂዱና መጀመሪያ ለናንተ ዓይነት ሥራ ዝቅተኛው የአባላት ቁጥር ስንት እንደሆነ ጠይቁ፤ የአባላት ምልመላችሁ በዚያ ይወሰናል። ቁጥራችሁ ካነሰ በሌላ የማኅበር ዓይነት ጀምራችሁ፣ ውስጥ ለውስጥ በአንድ ሰው አንድ ድምፅ መተዳደር ትችላላችሁ።

የምሥረታ ቃለ ጉባኤ፣ የአባላት ዝርዝር፣ መተዳደሪያ ደንብና የሥራ ዕቅድ ይዛችሁ ትቀርባላችሁ። ጽሕፈት ቤቱ የተዘጋጀ ናሙና ደንብ ይሰጣችኋል። ተቀበሉት፣ ግን እንዳለ አትፈርሙት። ከላይ ያሉት አራት ነገሮች በናሙናው ውስጥ እናንተ በፈለጋችሁት መልክ አይኖሩም። በግድ አስገቧቸው። አንድ ነገር ደግሞ ጨምሩ፦ ከአባላቱ ሲሶው ከጠየቀ አስቸኳይ ጉባኤ ይጠራል፣ ጉባኤውም ኮሚቴውን ሊሽር ይችላል። የሥራ አመራሩና የቁጥጥር ኮሚቴው የተለያዩ ሰዎች ይሁኑ። ባልና ሚስት፣ ወንድምና እህት በሁለቱ ኮሚቴዎች ተካፍለው አይቀመጡ።

አምስት፦ ደብተሩና ስብሰባው

ዴሞክራሲው ያለው እዚህ ነው። ምርጫ አልፎ አልፎ ነው፤ ደብተር ግን በየቀኑ ነው።

ደብተሩ ቀላል ይሁን፦ ቀን፣ ምክንያት፣ ገቢ፣ ወጪ፣ ቀሪ፣ የደረሰኝ ቁጥር። ደረሰኝ የሌለው ወጪ ሲኖር፣ ጋማ ከብት ላይ ተጭኖ የመጣ ፀጉር ደረሰኝ የለውምና፣ ሁለት ሰው ይፈርምበት። የእጅ ገንዘብ ሳጥኑ እንደ እድር ሳጥን ሁለት ቁልፍ ይኑረው፣ ቁልፎቹም በሁለት ሰው እጅ ይሁኑ። ባንክ ያለው ገንዘብም ሦስት ሰው ሳይፈርምበት አይውጣ።

ችግሩ ግን ደብተር መያዙ አይደለም። ችግሩ ይሉኝታ ነው። ገንዘብ ያዡ ትልቅ ሰው ናቸው። በሠርግ በለቅሶ የማይለዩ፣ ሁሉም የሚያከብራቸው። አንዲት የሃያ ዓመት ልጅ ተነስታ «ጋሼ፣ ይቺ የሰኔ የመኪና ኪራይ ሁለት ጊዜ የተጻፈች አይመስልዎትም?» ብትል ቤቱ ጸጥ ይላል። «ልጄ፣ እኔን ነው የምትጠረጥሪው?» ይላሉ። ሌላው ሁሉ መሬት መሬት ያያል። ልጅቱ ሁለተኛ አትጠይቅም። ገንዘብ የሚጠፋው በሌባ ብቻ አይደለም፤ እንዲህ ባለ ዝምታም ይጠፋል። ሽማግሌው ደግሞ ንጹሕ ሰው ሊሆኑ ይችላሉ፤ ተሳስተው ሁለት ጊዜ ጽፈው ነው።

ስለዚህ ጥያቄን ግዴታ አድርጉት። በየወሩ ስብሰባ ላይ በዕጣ ሁለት «ጠያቂ» ይውጣ። የነዚህ ሰዎች ሥራ ደብተሩ ጮክ ተብሎ ሲነበብ እያንዳንዳቸው ቢያንስ ሦስት ጥያቄ መጠየቅ ነው። ጥያቄ ባይኖራቸውም ፈልገው ያምጡ። በሚቀጥለው ወር ሌሎች ይወጣሉ። ያኔ ልጅቱ «ጋሼ፣ ዕጣው ወጥቶብኝ ነው» ብላ ትስቃለች፣ እሳቸውም መነጽራቸውን አውጥተው ያያሉ። ገንዘብ ያዡም ጥያቄ እንደሚመጣ ስለሚያውቁ ከስብሰባው ቀን በፊት ደብተራቸውን ያስተካክላሉ።

ስብሰባውን ሁልጊዜ ሰብሳቢው አይምራው። በዙር ይሁን። ሰብሳቢው ሐሳብ ሲሰጥ ሌላው ይከተለዋልና መጨረሻ ላይ ይናገር። ከአንድ ሰዓት ተኩል አይለፍ። ደብረ ብርሃን ላይ በኅዳር ማታ ስብሰባ የሚጠራ ሰው ደግሞ ብርዱን የሚወድ መሆን አለበት፤ በቀን አድርጉት።

ሁሉንም ነገር ድምፅ አትስጡበት። ማጉ እንዴት ይግባ ብሎ እጅ የሚያወጣ ማኅበር ባና አይሠራም። የዓመት ዕቅድ፣ የክፍያ ልክ፣ አባል መቀበልና ማሰናበት፣ ትልቅ ግዢና ብድር የጉባኤው ነው። ወርሃዊ ግዢና ሽያጭ የኮሚቴው። የዕለቱ ሥራ ክፍፍል የሥራ ኃላፊው። ኃላፊው «ዛሬ አንቺ እጥበት ላይ ነሽ» ካለ ክርክር የለም፤ ቅሬታ ካለ በወሩ ስብሰባ ይነሳል። ፀብ ከሆነ ወደ ጉባኤ ከማምጣታችሁ በፊት ሁለት ሽማግሌ አስገቡ። ድምፅ አሰጣጥ አሸናፊና ተሸናፊ ይፈጥራል፤ ለሰውና ለሰው ፀብ አይሆንም።

ስድስት፦ ትርፉን ማካፈል

በምሳሌ ይሻላል። ዓመቱ ሲዘጋ፣ የወር ክፍያውና ወጪው ሁሉ ወጥቶ 200,000 ብር ተረፈ እንበል። ጉባኤው 30 በመቶ ለመጠባበቂያ ወሰነ፤ 60,000 ብር። ለሥልጠና፣ ለሕመምና ለወሊድ 10 በመቶ፤ 20,000 ብር። ቀሪው 120,000 ብር ለአባላት ነው።

በዓመቱ አሥራ ሁለታችሁ በድምሩ 20,000 ሰዓት ሠርታችሁ ከሆነ፣ ለአንድ ሰዓት 6 ብር ይደርሳል ማለት ነው። 1,800 ሰዓት የሠራች 10,800 ብር ትወስዳለች። በበልጉም በመኸሩም እርሻ ላይ ሆኖ 1,100 ሰዓት የሠራው 6,600 ብር። ዕጣቸው እኩል ነው፣ ድምፃቸው እኩል ነው፣ ድርሻቸው ግን በሥራቸው ነው። ሒሳቡን ሰሌዳ ላይ በሁሉም ፊት ሥሩት።

የመጠባበቂያው ነገር ከባድ ነው፤ ሰው ገንዘቡን አሁን ይፈልጋል። ግን መንገድ የተዘጋ ሰሞን ዕቃው መጋዘን ይቀመጣል፣ ክፍያው ግን አይቆምም። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓመታት ሕጉ ከሚያዘው በላይ ብታስቀምጡ ይሻላል።

ሰባት፦ ብድር

ፀደይ ባንክን ወይም ሌላ አበዳሪ ስትጠይቁ የቡድን ዋስትና ይመጣል። አንዱ ቢጠፋ ሌላው ይከፍላል። እያንዳንዱ አባል ከመፈረሙ በፊት ደንቡ ይነበብለት፣ የሚከፈለውም ጠቅላላ ገንዘብ በብር ይነገረው፤ በመቶኛ ብቻ አይደለም። ለሽመና ዕቃ መበደር ጥሩ ነው። ለፀጉር መግዣ፣ በተለይ ርካሽ በሆነበት ጊዜ፣ ጥሩ ነው። ለወር ክፍያ መበደር ግን የመፍረስ ምልክት ነው።

ስምንት፦ ስትሰፉ

ሥራ ሲበዛ ተቀጣሪ ታመጣላችሁ። ለአንድ ወር ነው ትላላችሁ። ከሦስት ዓመት በኋላ አሥራ ሁለት አባላትና ሠላሳ ተቀጣሪዎች ትሆናላችሁ፤ እናንተም እንደ ነጋዴው ዋጋ ቆራጭ። ማኅበር ከሌሎች ጋር ሲወዳደር ወደዚህ ይገፋል፤ ትልልቆቹም አላመለጡትም። ሞንድራጎን ራሱ በሌሎች አገሮች ባሉት ፋብሪካዎቹ አባል ያልሆኑ ብዙ ሠራተኞች አሉት። ከማኅበራቱ አንዱ የነበረው የማቀዝቀዣና የልብስ ማጠቢያ አምራቹ ፋጎርም በ2013 እ.ኤ.አ. ከስሯል። አባላቱ ግን ሜዳ ላይ አልቀሩም፤ ብዙዎቹን እህት ማኅበራቱ ተቀብለዋቸዋል።

ሁለት ነገር አድርጉ። አንደኛ፣ ከስድስት ወር በላይ የሠራ ሁሉ ለአባልነት የመቅረብ መብት ይኑረው። ሁለተኛ፣ ከሌላ ማኅበር ጋር ተሳሰሩ። መሐል ሜዳ ያሉት ይፍተሉ፣ ደብረ ብርሃን ያሉት ምንጣፍ ይሥሩ፣ አዲስ አበባ መሸጫውን በጋራ ይከራዩ። አንዱ ሲወድቅ ሌላው የሚደግፈው እንዲህ ከሆነ ነው።

አለቃ ላለባችሁ

ደብረ ብርሃን ኢንዱስትሪ ፓርክ ወይም ሌላ ፋብሪካ ተቀጥራችሁ የምትሠሩ ከሆነ ከላይ ያለው ገና ሩቅ ነው። ግን የምትጀምሩበት አለ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት አሥርና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያለበት ድርጅት ውስጥ የሠራተኛ ማኅበር ማቋቋም ይቻላል። ማኅበሩ ከአሠሪው ጋር የኅብረት ስምምነት ይደራደራል። አሠሪ ማኅበር ግባ ወይም ውጣ ብሎ ማስገደድ አይችልም።

ድርድሩን ከደሞዝ ብቻ አትጀምሩ። ደሞዝ ይጨመራል፣ ዋጋም ይጨምራል፣ እዚያው ናችሁ። ከመጀመሪያዎቹ ጥያቄዎች አንዱ የፈረቃ ሰሌዳው ይሁን፦ ማን ያወጣዋል፣ ከስንት ቀን በፊት ይለጠፋል፣ ለመቀየርስ ማን ይጠየቃል? ሁለተኛው የሥራ ደኅንነትና ጤንነት ኮሚቴ ነው፤ የሠራተኛውን ወኪል ሠራተኛው ይምረጠው። ሦስተኛው የቅሬታ መንገድ፦ ለማን ይቀርባል፣ በስንት ቀን መልስ ይሰጣል። ለነዚህ አሠሪው ብዙ ብር ስለማያወጣ እምቢ ለማለት ይከብደዋል። የተስማማችሁበትን በጽሑፍ አድርጉ፣ አስፈርሙ፣ ቅጂውን ልብስ መቀየሪያው በር ላይ ለጥፉት።